ላፕቶፑ 400 ሜጋኸርዝ ላይ ቆሞ ቀረ፦ መሣሪያው ነው ወይስ ማሽኑ?

ሊኑክስ ላይ የፕሮሰሰር ፍጥነት የሚያሳይ መሣሪያ ሲያስቸግር ብዙዎቻችን የምናደርገው አንድ ነው። መሣሪያውን አጥፍተን ሌላ እንጭናለን። እሱም ካልሆነ ሌላ። እኔ እንዲህ ስል አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሄዶብኛል። ለካ አብዛኞቹ በራሳቸው ምንም አይለኩም፤ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ያስቀመጠላቸውን አንብበው ያሳያሉ። አምስት መሣሪያ መቀያየር አንዱን ሰው በአምስት አስተርጓሚ እንደማናገር ነው። ይልቅ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እንጠይቅ።

የፕሮግራሞቹንና የፋይሎቹን ስም አፋችን እንደሚጠራቸው ጽፌያለሁ። ቴርሚናል ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።

መሣሪያው ጭራሽ አይነሳም

ኡቡንቱ ላይ ሲፒዩፓወርን (ፍጥነቱን የሚያሳየውንና የሚቀይረውን ፕሮግራም) ስትጠሩት «ለዚህ ከርነል አልተገኘም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ከርነሉ ታድሷል፣ ሊኑክስ-ቱልስ የሚባለው ጥቅል ግን የድሮው ነው ማለት ነው። ወይም ሁለቱም ታድሰው ማሽኑን ሪስታርት ስላላደረጋችሁ አሁንም ያላችሁት አሮጌው ከርነል ላይ ነው። መጀመሪያ ሪስታርት አድርጉ። ካልሆነ ዩኔም -አር ብላችሁ የከርነሉን ቁጥር እዩና በዚያው ቁጥር የተሰየመውን ሊኑክስ-ቱልስ ጫኑ። ከርነላችሁ የተለመደው ጄኔሪክ ከሆነ ሊኑክስ-ቱልስ-ጄኔሪክ የተባለው ይሻላል፤ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይታደሳል።

ተርቦስታት የሚባለው ሌላው ፍጥነት አሳይ ደግሞ ሱዶ፣ ማለትም የአስተዳዳሪ ፈቃድ፣ ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉትን ኤምኤስአር የሚባሉ መዝገቦች በቀጥታ ስለሚያነብ ነው። በሱዶም ተጠርቶ የኤምኤስአር ፋይል የለም ካለ፣ ሱዶ ሞድፕሮብ ኤምኤስአር ብላችሁ ሞጁሉን አስነሱት።

«ድራይቨር የለም» ይላል

ሲፒዩፓወር ፍሪኩዌንሲ-ኢንፎ ስትሉ ምንም ድራይቨር (ከርነሉ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚያዝበት ክፍል) እንደሌለ ከነገራችሁ፣ ያላችሁበት ማሽን እውነተኛ መሆኑን አጣሩ። ሲስተምድ-ዲቴክት-ቨርት የሚለው ትእዛዝ ይነግራችኋል፤ «ነን» ካለ እውነተኛ ማሽን ላይ ናችሁ። ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ ወይም ኪራይ ሰርቨር ላይ ከሆናችሁ ግን ፍጥነቱን የሚወስነው ከስር ያለው ማሽን ነው። እናንተ ተሳፋሪ ናችሁ፣ መሪው ሌላ ሰው እጅ ነው። የሚጠገን ነገር የለም።

ማሽኑ እውነተኛ ሆኖ ድራይቨር ከጠፋ ባዮስ (ከሊኑክስ በፊት የሚመጣው የማሽኑ ማስተካከያ) ግቡ። ኢንቴል ላይ ስፒድስቴፕ፣ ኤኤምዲ ላይ ሲፒፒሲ የሚባለው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ተዘግቶ ይሆናል። ክፈቱት። ኤኤምዲ-ፒስቴት የተባለው ድራይቨር ወደ ከርነሉ የገባው በ5.17 ነው፣ በ2022 እ.ኤ.አ.፤ ከዚያ በፊት ባለ ከርነል ላይ እሱን አትፈልጉት።

ቁጥሩ አይነቃነቅም

ከመፍረዳችሁ በፊት ፕሮሰሰሩን ሥራ ስጡት። አንድ ቴርሚናል ላይ «የስ» የሚለውን ትእዛዝ ወደ ዴቭ-ነል (የተላከለትን ሁሉ ወደሚጥለው ፋይል) እንዲያፈስ አድርጋችሁ ልቀቁት። አንድ ኮር (ከፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች አንዱ) ሙሉ በሙሉ ይያዛል። በሌላ ቴርሚናል ፍጥነቱን እዩ። ስትጨርሱ በኮንትሮል-ሲ ማቆም እንዳትረሱ፤ ላፕቶፑ ጭናችሁ ላይ ከሆነ ራሱ ያስታውሳችኋል።

በዚህም ጊዜ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ መሣሪያው የሚያነበው የትኛውን መስመር ነው? ፕሮክ የተባለው ፎልደር ውስጥ ያለው ሲፒዩኢንፎ የሚባለው ፋይል ላይ ሁለት ቦታ ፍጥነት ይጻፋል። አንደኛው የፕሮሰሰሩ ስም ጎን ያለው ነው። ኮር አይ5-8250ዩ ከሆነ 1.60 ጊጋኸርዝ ይላል። ይህ ዕቃው ላይ እንደተለጠፈ ወረቀት ነው፤ ማሽኑ ቢሮጥም ቢተኛም አይቀየርም። ስንት ስክሪፕት እሱን አንብቦ «የአሁኑ ፍጥነት» እያለ ሲያሳይ አይቻለሁ! ሁለተኛው «ሲፒዩ ሜጋኸርዝ» የሚለው መስመር ነው። የምትፈልጉት እሱን ነው። ግን እሱም ታሪክ አለው። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው 4.13 ከርነል ኢንቴልና ኤኤምዲ ላይ ይህ መስመር ቋሚ ቁጥር እንዲያሳይ ተደርጎ ነበር። ሰው አጉረመረመ፣ በኋላ ተመለሰ። በአርም ማሽኖች ላይ ደግሞ መስመሩ ከነጭራሹ የለም፤ እሱን የሚፈልግ ስክሪፕት ባዶ ወይም ዜሮ ቢያሳይ አይግረማችሁ።

ለስክሪፕት የሚሻለው ሲስ በተባለው ፎልደር ስር፣ በየኮሩ ሲፒዩፍሪክ ፎልደር ውስጥ ያለው ስኬሊንግ-ከር-ፍሪክ የሚባለው ፋይል ነው። ቁጥሩ በኪሎኸርዝ ነው። 1800000 ካለ 1800 ሜጋኸርዝ ነው። ሦስት ዜሮ ቆርጦ የሚያሳይ መሣሪያ ሲሳሳት ፍጥነቱ ሺህ እጥፍ ይዘላል፤ ይህን ስታዩ ደስ አይበላችሁ።

ሁለት መሣሪያ፣ ሁለት ቁጥር

ይህ ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም። ተርቦስታት ብቻውን ሦስት ዓይነት ሜጋኸርዝ ያሳያል። ከመገናኛ ፒያሳ የሚሄድ ሚኒባስ አስቡ። መንገዱ ሲከፈትለት በ40 ይነዳል። ተራ የጠበቀበትንና መብራት ላይ የቆመበትን ሰዓት ከደመራችሁ ግን አማካዩ ያሳፍራል። «ቢዚ» የሚለው ዓምድ ኮሩ ሲሠራ ብቻ የነበረውን ፍጥነት ነው የሚናገረው። «አቬሬጅ» የተኛበትንም ይቆጥራል። ኮሩ ከጊዜው 10 በመቶውን ብቻ በ3000 ሜጋኸርዝ ከሠራ፣ አቬሬጁ 300 ይሆናል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሦስተኛው፣ ቲኤስሲ፣ ቋሚ ቆጣሪ ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ አይጠቅማችሁም።

ሌላም አለ። ፍጥነቱ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቀያየራል። ሁለት መሣሪያ በአንድ ቅጽበት አያነብም። እንዲያውም መሣሪያው ራሱ የተኙትን ኮሮች ይቀሰቅሳል፤ ትኩሳት ለመለካት ብሎ የተኛ ልጅ እንደመቀስቀስ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ያለው ቁጥር በየግማሽ ሰከንዱ እንዲታደስ ካደረጋችሁት ወደ 3 ሰከንድ አራዝሙት።

አሮጌው ሲፒዩፍሪክ-ኢንፎ ፍጥነት ለመቀየር 4294 ሚሊሰከንድ ይፈጃል ካላችሁ አትደንግጡ። ድራይቨሩ «አላውቅም» ለማለት ያስቀመጠውን ትልቅ ቁጥር እንደ እውነተኛ ጊዜ ቆጥሮት ነው። መሣሪያውን ተዉትና ወደ ሲፒዩፓወር እለፉ።

ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ቀረ

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። እዚህ መሣሪያው ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው የሚናገረው።

መጀመሪያ ጋቨርነሩን፣ ፍጥነቱ መቼ ከፍና ዝቅ እንደሚል የሚወስነውን ደንብ፣ እዩ። «ፓወርሴቭ» ሲል የሚደነግጥ ብዙ ሰው አለ። ድራይቨሩ ኢንቴል-ፒስቴት ከሆነ ፓወርሴቭ የተለመደው አሠራር ነው፤ ሥራ ሲበዛ ፍጥነቱ ይወጣል። ኤሲፒአይ-ሲፒዩፍሪክ ከሆነ ግን ፓወርሴቭ ማለት እውነትም ዝቅተኛው ላይ መቸከል ነው። ወደ ስኬድዩቲል ቀይሩት። ቀጥሎ ስኬሊንግ-ማክስ-ፍሪክ የሚለውን ፋይል እዩ። ቲኤልፒ ወይም ሌላ የባትሪ ቆጣቢ ፕሮግራም ጣሪያውን አውርዶት ይሆናል። ኢንቴል-ፒስቴት ፎልደር ውስጥ ኖ-ተርቦ የሚለው ፋይል 1 ከሆነ ደግሞ ተርቦ (ከመደበኛው በላይ ያለው ፍጥነት) ተዘግቷል። 0 ካደረጋችሁት ይከፈታል።

ከዚያ ሙቀት። በየኮሩ ፎልደር ውስጥ ተርማል-ትሮትል የሚባል አለ፤ ውስጡ ኮር-ትሮትል-ካውንት አለ። ሥራ ስትሰጡት ይህ ቁጥር ከጨመረ ፕሮሰሰሩ ግሎ ራሱን እየቀነሰ ነው። የማራገቢያው አቧራ ይጠረግ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው የሙቀት ማስተላለፊያ ፓስታ ይቀየር። ራዝቤሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ቪሲጄንሲኤምዲ ጌት-ትሮትልድ በሉ። ዜሮ ካልሆነ ሙቀት ነው ወይም የኃይል ማነስ። በስልክ ቻርጀር የምታስነሱት ከሆነ ቻርጀሩን ጠርጥሩ።

የእኔ ቅዳሜ የሄደው ግን በዚህ በአንዱም አልነበረም። ላፕቶፑ ሁለተኛ እጅ ነው፣ ያው 8250ዩ። እስከ 3400 መሄድ ሲገባው 400 ላይ ቆሟል። ብራውዘር መክፈት የአሥር ደቂቃ ሥራ ሆነ። ጋቨርነሩ ደህና፣ ጣሪያው ደህና፣ ኮሩ ቀዝቃዛ። ሊኑክሱን እንደ አዲስ ጫንኩ። ያው 400። ተስፋ ቆርጬ ቻርጀሩን ስነቅለው ቁጥሩ ብድግ አለ። መልሼ ስሰካው ወረደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ ላፕቶፖች ቻርጀሩን በመሃል ባለችው ቀጭን ሽቦ ስንት ዋት እንደሆነ ይጠይቁታል። ሽቦዋ ከተቆረጠች ወይም ቻርጀሩ ተመሳስሎ የተሠራ ከሆነ መልስ የለም። ማሽኑም ፕሮክሆት የሚባለውን ምልክት ለፕሮሰሰሩ ልኮ ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ ያስቀምጠዋል። የእኔ ባትሪም አይሞላም ነበር። አርጅቷል ብዬ ትቼው እንጂ ምልክቱ እሱ ነበር። ባዮስ ስገባም የቻርጀሩ ዓይነት አልታወቀም የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ሳላነብ ኢንተር እያልኩ ሳልፈው የኖርኩት።

ፕሮክሆትን በኤምኤስአር በኩል መዝጋት ይቻላል። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈቀደ ሶፍትዌር ማሽኑን እንዳያስነሳ የሚከለክለው የባዮስ ጥበቃ) ክፍት ከሆነ ከርነሉ መጻፉን ሊከለክላችሁ ይችላል። ባይከለክላችሁም አልመክርም፤ ያው ምልክት ሌላ ቀን ቦርዱ እውነት ሲግል የሚመጣው ነው። መጀመሪያ ከሰው ላይ ትክክለኛ ቻርጀር ተውሳችሁ ሞክሩ። በእሱም ያው ከሆነ የተበላሸው ላፕቶፑ ላይ ያለው የቻርጀር መሰኪያ ሳይሆን አይቀርም። የእኔ መሰኪያው ነበር፤ ጠጋኙ ፈትቶ ለመቀየር ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም።