ለካሃው ጎጆ ስትሠሩ

የቤርሙዳዋ የባሕር ወፍ ካሃው ከ300 ዓመት በላይ ጠፍታለች ሲባል ኖራ እ.ኤ.አ. በ1951 ጎጆዋ ተገኘ። በዓመት የምትጥለው አንዲት እንቁላል ናት፤ ስለዚህ ጎጆዋ የዋዛ ጉዳይ አይደለም።

ድሮ አፈር ቆፍራ ነበር የምትፈለፍለው። ሰው ያመጣቸው አሳማና አይጦች ሲያጠቋት ድንጋያማ ደሴቶች ላይ ተወስና ቀረች። እዚያ ደግሞ ነጭ ጅራቱ ትሮፒክ ወፍ ጎጆዋን ይነጥቃታል፣ ጫጩቷንም ይገድላል።

እኔ በኮንክሪት ነው የምሠራው። መግቢያውን ጠመም አድርጉት፤ ውስጡ ይጨልም። ክዳኑ የሚነሳ ይሁን፣ ጫጩቷን ለማየት። በሩ ላይ ግን አትቸኩሉ! ቀዳዳ ያለው እንጨት ግጠሙበት። ካሃው ሾልካ ትግባበት፤ ግዙፉ ትሮፒክ ወፍ ግን አይለፍ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት በደንብ አለስልሱት፣ ላባዋን እንዳይቧጭር።

ቦታው ከማዕበል ከፍ ይበል። እ.ኤ.አ. በ2003 ፋቢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ብዙ ጎጆ አፍርሷል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ጫጩቶች ከፍ ወዳለችው ኖንሰች ደሴት የተወሰዱትም ለዚሁ ነው።