የጓሮ ምድጃ ፒዛ ጌጡ ለምን ይበላሻል? ችግሩና መፍትሄው

ከአትክልት ተሠርቶ ሊጡ ላይ እንደተደረደረ ዓይን ይስብ የነበረው አበባ ከጓሮ ምድጃ ሲወጣ ቅጠሉ ከስሎ፣ ቲማቲሙ ውሃ አቁሮ፣ ቢጫው ቃሪያ ወደ አንድ ወገን ሸሽቶ ይገኛል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የገዛ እጁን ይወቅሳል፤ ሙያ የለኝም ብሎም ይተወዋል። እኔ በአዲስ አበባ ጓሮዬ ባለው የጡብ ምድጃ ለዓመታት ጋግሬ ያየሁት ሌላ ነው። የጌጠኛ ፒዛ ጥፋት ከሞላ ጎደል ሁሉም መነሻው ወይ ያልተገራ ሙቀት ወይ ያልወጣ ውሃ ነው። ሁለቱም ደግሞ ጌጡ ሳይጀመር የሚስተካከሉ ናቸው።

ከላይ ከሰለ፣ ከታች ጥሬ ነው

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። እሳቱ ሲነድ ነበልባሉ የምድጃውን ጉልላት እየላሰ ወዲያው ያግለዋል። የወለሉ ጡብ ግን ሙቀት የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው። ነበልባሉ ሲንቦገቦግ አይቶ ፒዛውን ያስገባ ሰው ገና ባልጋለ ጡብ ላይ አስቀምጦ ከላይ እሳት ለቀቀበት ማለት ነው።

ሌላው ምክንያት የጣሊያኗን ከተማ የናፖሊን ሙቀት መከተል ነው። በናፖሊ ፒዛ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ የሚበስለው ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ነው። ያ ሙቀት ስስ ስጎ፣ ጥቂት ፎርማጆና ጥቂት ቅጠል ብቻ ለተደረገበት ፒዛ የሚስማማ ነው። አበባ፣ ግንድና ቅጠል የተደረደረበት ፒዛ ሸክሙ ብዙ ስለሆነ አራት ወይም አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። በናፖሊ ሙቀት ያን ያህል ቢቆይ ከሰል ይሆናል።

መፍትሄው እንዲህ ነው። በደረቅ እንጨት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት አንድዱ። ጉልላቱ መጀመሪያ በጥላሸት ይጠቁራል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ጥላሸቱ ተቃጥሎ ይጠፋና ጡቡ ነጣ ብሎ ይታያል። ይህ ሲሆን ፍሙን ወደ ኋላና ወደ አንድ ጎን ግፉት፤ ወለሉን ጥረጉ፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃም ታገሡ። የወለሉ ሙቀት 300 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ለጌጠኛ ፒዛ ጥሩ ነው። መለኪያ ከሌላችሁ አንድ ቁንጥር ዱቄት ወለሉ ላይ በትኑ። ሦስት ሳትቆጥሩ ከጠቆረ ወለሉ ከልክ በላይ ግሏል፤ በረድ እስኪል ጠብቁ። እስከ አሥር ስትቆጥሩ ቀስ እያለ የገብስ ቆሎ መልክ ከያዘ አስገቡ። ነጭ እንደሆነ ከቀረ እሳት ይቀረዋል።

ከታች ተቃጠለ

የዚህ ምክንያት አንዳንዴ የወለሉ ሙቀት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ሊጡ ራሱ ነው። ለዳቦ እንደለመድነው ስኳርና ወተት የተጨመረበት ሊጥ በእንዲህ ያለ ምድጃ ቶሎ ይጠቁራል፤ ሁለቱንም ተዉአቸው። ለመንሸራተቻ የበተናችሁት ዱቄትም ወለሉ ላይ እየከሰለ ቀጥሎ የሚገባውን ፒዛ መራራ ያደርገዋል። በሁለት ፒዛዎች መካከል ረጅም እንጨት ላይ በታሰረ፣ ተጨምቆ እርጥበት ብቻ በቀረው ማሰሻ ወለሉን አንድ ጊዜ ጠረግ ማድረግ ይበቃል። ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን የጋለው ጡብ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጌጡ ውሃ ውስጥ ዋኘ

ከቲማቲም ክብደት ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ዝኩኒና እንጉዳይም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ምድጃው ውስጥ ይህ ሁሉ ውሃ ይወጣል፤ መሄጃ ሲያጣ መሐል ላይ ይጠራቀማል፣ ሊጡን ያረጥብና አበባውን ያንሳፍፋል። ቲማቲሙን ከከተፋችሁ በኋላ ፍሬውን አውጡ፤ ጥቂት ጨው ነስንሳችሁ ወንፊት ላይ 20 ደቂቃ አቆዩት፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ስጎውን ማንኪያ ስታሳልፉበት መንገዱ ሳይገጠም እስኪቆይ ድረስ አብስሉት። ለስላሳ ሞዛሬላ የምትጠቀሙ ከሆነ ከቀደመው ምሽት ጀምሮ ውሃው ይንጠፍ። እኔ ለጌጥ ፕሮቮሎኔ የሚባለውን ጠንከር ያለ ፎርማጆ እመርጣለሁ፤ ውሃው ትንሽ ስለሆነ የተደረደረበትን ነገር ባለበት ይይዛል።

ቅጠሉ ከሰለ፣ ቀለሙ ጠፋ

በሶብላ ስስ ቅጠል ነው፤ በጉልላቱ ሥር ሳይከስል ብዙ አይቆይም። ፒዛው ከወጣ በኋላ በትኩሱ ጣሉበት፤ ያን ጊዜ አረንጓዴነቱም መዓዛውም ይተርፋል። የጥብስ ቅጠል ዘይት ከተነከረ ይችላል። ለግንድና ለቅጠል ግን በቁመቱ የተሰነጠቀ፣ ፍሬው የወጣ አረንጓዴ ቃሪያ ከሁሉም ይሻላል።

ቀለምን በተመለከተ ቢጫ የፈረንጅ ቃሪያ ታማኝ ነው። ለአደይ አበባ ሌላ አልፈልግም፤ ቅጠሎቹ ጫፋቸው ሾጠጥ ተደርጎ ይቆረጣሉ፣ ዘይት ይቀባሉ። ካሮት ጥሬውን ከገባ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ በድንች መላጫ በስሱ ልጣችሁ ለአንድ ደቂቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ከከተታችሁት ግን እንደ ጽጌረዳ ይጠቀለላል። ቀይ ሥር ጎረቤቱን ሁሉ ያቀላል። አስቀድማችሁ ቀቅሉት፣ በደንብ አድርቁት፣ መጨረሻ ላይ አስቀምጡት።

ሊጡ አብጦ ጌጡን ናደው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ሊጥ ከቆላው ፈጥኖ ይነፋል። ለባሕር ዳርቻ ከተማ የተጻፈ መጠን እንዳለ ሲወሰድ ሊጡ ከልክ በላይ ይነፋል፤ ምድጃ ውስጥ ትላልቅ አረፋ ያወጣና የደረደራችሁትን ይገለብጣል። እኔ ለ1 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት 600 ግራም ውሃ፣ 20 ግራም ጨውና 2 ግራም ደረቅ እርሾ አቡክቼ በማቀዝቀዣ አሳድረዋለሁ። ዱቄቱ ብዙ ውሃ የሚጠጣ ከሆነ በጥቂቱ እጨምራለሁ።

ዋናው መፍትሄ ግን በሁለት ጊዜ መጋገር ነው። ሊጡን ዘርጉ፤ መሐሉን በሹካ ወጋ ወጋ አድርጉ፤ ስጎውን ብቻ ቀብታችሁ ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል አስገቡት። አረፋው ያኔ ይወጣል፣ ሊጡም ይጸናል። አውጡትና ፎርማጆውን አድርጋችሁ ጌጡን በእርጋታ ደርድሩ፤ ከዚያ ለሦስት ደቂቃ ያህል መልሱት። ጠርዙን እንደ ሹሩባ የምትጎነጉኑ ከሆነ የሚገናኝበትን ጫፍ በእርጥብ ጣት አብሳችሁ ወደ ሥር አጥፉት፤ በደረቁ የተጣበቀ ጉንጉን ምድጃ ውስጥ ይፈታል።

ፒዛው ከማስገቢያው የእንጨት ሰሌዳ አልላቀቅ አለ

ባለፈው እንቁጣጣሽ የወንድሜ ልጅ ስምንት ቅጠል ያለው አደይ ደረደረች። ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ እያንዳንዱን ቅጠል በጣቷ ጫፍ እያስተካከለች ሃያ ደቂቃ ፈጀባት። ወደ ምድጃው ስንወስደው ሊጡ በሥሩ የነበረውን ዱቄት ሁሉ ጠጥቶ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ነበር። ስንገፋው አበባው ለሁለት ተከፈለ። ልጅቷ ስታለቅስ አንጀቴ ተላወሰ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ጥሬ ሊጥ በሰሌዳ ላይ አስጊጬ አላውቅም።

በአንድ ጊዜ መጋገር ግድ ከሆነባችሁ ሰሌዳው ላይ ሻካራ የበቆሎ ዱቄት በትናችሁ በየሁለት ደቂቃው ነቅነቅ አድርጉት፤ ወይም በቀጭን ብረት ትሪ ላይ አስጊጣችሁ ከነትሪው አስገቡት። የመጋገሪያ ወረቀት ለእንጨት እሳት አይሆንም፤ ይቀጣጠላል። ሰፌድም እንዲሁ አደጋ አለው። ከዚያም በላይ እርጥብ ሊጥ በስፌቱ መካከል ገብቶ ይቀራል።

የጾም ፒዛ ላይ ጌጡ አይይዝም

ፎርማጆ ሲቀልጥ ማጣበቂያ ይሆናል። በጾም እሱ ስለሌለ አትክልቱ ደርቆ ይጠቀለላል፤ ሲቆረስም ይረግፋል። አንድ መካከለኛ ድንች ቀቅላችሁ ከሁለት ማንኪያ ዘይት፣ ከጨውና ከነጭ ሽንኩርት ጋር አልሙት፤ ስጎው ላይ በስሱ ቀቡት። ተቀቅሎ የተፈጨ ሽምብራም ይሆናል። እያንዳንዱን ቁራጭ ጫን እያላችሁ አስቀምጡ፤ በላዩም ዘይት ቀቡት። ነጭ መደብ ስለሚሆን ቢጫና አረንጓዴ ከፎርማጆው ይልቅ ደምቀው ይታያሉ። ለፍልሰታም ለሁዳዴም በዚህ ሠርቼ ደስ ብሎኛል።

ጭስ ጌጡን አጠቆረው

እርጥብ ባሕር ዛፍ ይጨሳል። ተፈልጦ፣ ጥላ ሥር ተደርድሮ ወራት የቆየ ይሁን፤ የግራር እንጨት ካገኛችሁ ፍሙ የተሻለ ነው። ቀለም የተቀባ እንጨትና የግንባታ ሳንቃ ፈጽሞ አታንድዱ። እንጨቱ ደርቆም ጭሱ ካልወጣ የምድጃውን አፍ ለኩ። የአፉ ቁመት ከጉልላቱ ውስጣዊ ቁመት 63 በመቶ አካባቢ መሆን አለበት፤ ጉልላቱ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አፉ 25 ይሆናል። ከፍ ካለ ሙቀቱ ይሸሻል፤ ዝቅ ካለ ጭሱ ይታፈናል።

ክረምቱን ዝናብ የጠጣ ምድጃ ደግሞ እንደ አዲስ ምጣድ መሟሸት ይፈልጋል። ጡቡ ውስጥ ያለው ውሃ በድንገተኛ እሳት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ጉልላቱን ይሰነጥቀዋል። ከእንቁጣጣሽ አራት ወይም አምስት ቀን ቀደም ብላችሁ በየቀኑ ትንሽ እሳት አንድዱበት፤ በመጀመሪያው ቀን ጭራሮ ብቻ፣ ከዚያ በየቀኑ ጥቂት ፍልጥ እየጨመራችሁ። ጉልላቱን ከውጭ በእጃችሁ ስትዳስሱት እርጥበት እስካለው ድረስ ትልቁን እሳት አትለኩሱ።