የድሮ ፖርሽ 911 ኤሲ እንዴት ይጠገናል? ጋዙ የመጨረሻው ሥራ ነው

ላስ ቬጋስ ውስጥ በጁላይ ኤሲ የሌለው መኪና መንዳት ቅጣት ነው። ጓደኛዬ የ1986 ፖርሽ 911 ካሬራ አለው። ይቺ መኪና ነፍሱ ናት። ኤሲዋ ግን የምድጃ ወላፈን ነበር የሚተነፍሰው። ጋራዥ ወሰዳት፤ ጋዝ ሞሉለት፣ ቀዘቀዘች፣ ከፍሎ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ሞቀች። ደግሞ ሞሉለት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትሞቅበት እኔ ዘንድ መጣና «ስማ፣ ይቺ መኪና ጋዝ ትበላለች እንዴ?» አለኝ።

አትበላም። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ በተዘጋ መስመር ውስጥ እየዞረ ይኖራል። ከጎደለ በሆነ ቦታ ወጥቷል። ስለዚህ ሥራው በጋዝ ያልቃል እንጂ ከጋዝ አይጀመርም።

911 ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰርም እዚያው ነው። ሙቀቱን ወደ ውጭ ከሚጥሉት ኮንደንሰሮች አንዱ የኋላው ኮፈን ፍርግርግ ስር ተኝቷል፣ ሌላው ከፊት አፍንጫዋ ስር ነው። የሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር ደግሞ ከፊት። ጋዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጎማ ቱቦ ይመላለሳል። ያ ሁሉ ጎማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሙቀት ሲበላው ኖሯል።

እነዚህ መኪኖች ከፋብሪካ የወጡት በአር 12 ጋዝ ነው። ኦዞንን ስለሚጎዳ አሜሪካ ውስጥ ምርቱ በ1995 መጨረሻ ቆመ። ዛሬ የሚገኘው የድሮ ክምችት ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ አር 134ኤ ይቀይራል። ችግሩ የ134ኤ ሞለኪውል ትንሽ ነው፤ አር 12ን ይዞ የኖረ ጎማ 134ኤን በግድግዳው ያሾልከዋል። ለጓደኛዬ የሞሉለትም እሱን ነበር፣ በዚያው በድሮው ቱቦ ላይ።

አንድም ብሎን ሳትፈቱ በፊት የቀረውን ጋዝ ፈቃድና ማሽን ባለው ባለሙያ አስወጡት። አየር ላይ መልቀቅ አሜሪካ ውስጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ፈሳሹ ቆዳ ከነካ ደግሞ በብርዱ ያቃጥላል። መነጽርና ጓንት ሳታደርጉ አትጠጉ።

አሁን ቀዳዳውን ፍለጋ። እኔ የምወደው ይሄን ክፍል ነው። ጋዝ ሲያመልጥ ዘይት ይዞ ይወጣል፣ ዘይቱ ላይ አቧራ ይለጠፋል። የእጅ ባትሪ ያዙና ጥቁር፣ እርጥብ የሚመስል ቆሻሻ ፈልጉ፤ በተለይ የቱቦ መጋጠሚያዎችን፣ የኮምፕሬሰሩን ክላች ዙሪያና ወደ ኋላው ኮፈን የሚወጣውን ቱቦ። ይሄኛው ኮፈኑ በተከፈተ ቁጥር ይታጠፋል። ከዚያ ናይትሮጅን በግፊት መቆጣጠሪያ (ሬጉሌተር) እስከ 10 ባር ገደማ አስገቡ፣ ሳሙና በውሃ በጥብጡና በብሩሽ ቀቡ። የጓደኛዬ መኪና ላይ መጀመሪያ ምንም አልታየም። ኮፈኑን ከፍ ዝቅ ስናደርገው ግን የቱቦው መታጠፊያ ላይ ሕፃን በከንፈሩ የሚነፋውን የምራቅ አረፋ የምታክል ነገር ብቅ አለች። የሁለት ጊዜ ሙሌት ገንዘብ በዚያች አረፋ ነው የወጣው። በናይትሮጅን ፋንታ የጎማ መንፊያ አየር አትጠቀሙ፤ እርጥበት ያስገባል። ኦክስጅንማ በጭራሽ! ከዘይት ጋር ይፈነዳል።

አንዱ ቱቦ ከፈሰሰ ሌሎቹም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ሁሉንም ባሪየር በሚባለው፣ ውስጡ የናይሎን ሽፋን ባለው ቱቦ ቀይሩ። ጎሚኒዎቹንም፣ ማለትም መጋጠሚያዎቹ ላይ ያሉትን የጎማ ቀለበቶች፣ አንድ ሳታስቀሩ፤ በአዲሱ የኮምፕሬሰር ዘይት እየቀባችሁ ግጠሙ። ድራየሩ፣ ማለትም እርጥበት የሚመጠው ጣሳ፣ መስመሩ ከተከፈተ አዲስ መሆን አለበት። ኮንደንሰሮቹንና ኢቫፖሬተሩን በማጠቢያ ፈሳሽ እጠቡ፤ ኮምፕሬሰሩን ግን አታጥቡት። የድሮውን ዘይት ገልብጣችሁ በኤስተር ዘይት ተኩለት። የድሮው ማዕድን ዘይት ከ134ኤ ጋር አይዋሃድም፤ ኮምፕሬሰሩ ይደርቃል።

ማሻሻያ ካላችሁ ገንዘባችሁን ኮንደንሰር ላይ አውሉ። ሰው ሁሉ ትልቅ ኮምፕሬሰር ያምረዋል። የ911 ድካም ግን ሙቀቱን የምትጥልበት ማጣቷ ነው፤ የኋላው ኮንደንሰር ያለው ሞተሩ አናት ላይ ነዋ። ፓራለል ፍሎ የሚባለው አዲስ ዓይነት ኮንደንሰር ከድሮው የተሻለ ሙቀት ይጥላል። ከተቻለ ፓራፋንጎ ውስጥ የራሱ ቬንትሌተር ያለው ተጨማሪ ኮንደንሰር ግጠሙ። በዚያው የከፍተኛ ግፊት ማጥፊያ ስዊች ጨምሩ፤ ግፊቱ ሲያልፍ ኮምፕሬሰሩን ያጠፋዋል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ 45 ደቂቃ አስኬዱ። ቫኪዩም ውስጥ ውሃ በክፍል ሙቀት ይፈላል፤ እርጥበቱ የሚወጣው እንደዚያ ነው። ፓምፑን ዝጉና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የግፊት ጌጁ መርፌ ከተነሳ ወደ ሳሙናው ተመለሱ።

አሁን ጋዙ። በሚዛን እየመዘናችሁ ሙሉ። መነሻችሁ መኪናው ላይ ከተጻፈው የአር 12 መጠን ከ80 እስከ 85 በመቶ ነው፤ ኮንደንሰር ከጨመራችሁ ትንሽ ከፍ ይላል። ሞተሩ እየሠራ፣ የጋዙ ጣሳ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በዝቅተኛው ግፊት በኩል ብቻ። በከፍተኛው በኩል ከከፈታችሁት ጣሳው እጃችሁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የድሮ መካኒኮች መስመሩ ላይ ባለችው ትንሽ የማያ መስታወት እያዩ አረፋ እስኪጠፋ ይሞሉ ነበር፤ በ134ኤ እንዲያ ካደረጋችሁ ከልክ በላይ ትሞላላችሁ። 35 ዲግሪ በሚሆንበት ቀን ከፍተኛው ግፊት ከ14 እስከ 16 ባር ከሆነ ደህና ነው።

አሜሪካ ያላችሁ የ134ኤ መሙያ አፎችን መግጠምና ጋዙ መቀየሩን የሚናገር ስቲከር መለጠፍ ግዴታችሁ ነው። የሚቀጥለው መካኒክም ያመሰግናችኋል።

የጓደኛዬን መኪና በ41 ዲግሪ ቀን ሞከርናት። ቴርሞሜትሩን መሃለኛው የአየር መውጫ ላይ ሰካን፤ ስትሄድ 9 ዲግሪ ሰጠች። መብራት ላይ ስትቆም 14 ትደርሳለች፣ ስትንቀሳቀስ ትመለሳለች። ጓደኛዬ ሁለት ዙር ዞረና መስኮቱን በስንጥቅ ከፍቶ «ብርድ ልብስ አለህ?» አለኝ።