በሩ ከመዘጋቱ በፊት

ድሬዳዋ ውስጥ የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ነኝ። ይህን የምጽፈው አዲስ ለምትመደቡ ልጆች ነው። ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። ብዙም ሳይቆይ የቀጠሮ ቀዶ ጥገና ቆመ፤ ድንገተኛው ብቻ ቀረ። ያኔ በላብና በድንጋጤ የተማርነው ለሚቀጥለው ወረርሽኝም ይሆናል።

ቀጠሮው የተራዘመበትን ሰው አትርሱት። ቡአ ይቆያል፤ አንጀት ከታነቀበት ግን አንድ ሌሊትም አይሰጥም። አንድ አባት “ሲረጋጋ እንደውልልዎታለን” ተብለው ተሸኙ። ማንም አልደወለላቸውም። የተመለሱት በቃሬዛ ነበር፤ ከአንጀታቸው ተቆርጦ ወጣ። ስለዚህ ስልክ መዝግቡ፣ የጎረቤትም ጨምሩ፣ በየሳምንቱ ደውሉ። “ያስመልስዎታል? እብጠቱ አልመለስ ብሎ ጠጥሯል?” ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ካሉ ዛሬውኑ ይምጡ። በኮሮና ተይዞ የዳነ ሰው ደግሞ፣ ጉዳዩ የሚታገስ ከሆነ፣ ያኔ 7 ሳምንት እንዲሞላው ይመከር ነበር። በ2013 የታተመ የብዙ አገሮች ጥናት ከዚያ በፊት ኦፕሬሽን የተደረገ ሰው የመሞት አደጋው ከፍ እንደሚል አሳይቷል።

ትልቁ ሥራ ያለው በሩ ከመዘጋቱ በፊት ነው። ክሩን፣ ደሙን፣ ትርፍ ጓንቱን ቀድማችሁ አስገቡ። ሳክሽኑን፣ ደምና ፈሳሽ መምጠጫውን፣ ሞክሩት። አንድ ራነር፣ ዕቃ የምታቀብል፣ ውጭ ትቁም፤ በሩ በየደቂቃው አይከፈት። ሰመመን ሰጪው የመተንፈሻ ቱቦ ሲያስገባና ሲያወጣ የበሽተኛው ትንፋሽ ፊቱ ላይ ነው። እሱና አንድ ረዳት ብቻ ይቆዩ። ሌሎቻችሁ ጊዜ ከፈቀደ ውጭ ጠብቁ፤ አየሩ በሰዓት 6 ጊዜ በሚቀየርበት ክፍል እንኳ በአየሩ ካለው ብናኝ 99 በመቶው እስኪጠራ 46 ደቂቃ ይፈጃል። ጊዜ ከሌለ ኤን 95 የሚባለውን ማስክ ሳታደርጉ እንዳትገቡ። በኦፕሬሽን ለምትወልድ እናት፣ ከተቻለ፣ በጀርባ የሚሰጠው ሰመመን ይመረጣል፤ ቱቦ አይፈልግም።

አሁን ወደ ቆጠራው፤ ጎዝ፣ ማለትም ደም መምጠጫ ጨርቅ፣ ሆድ ውስጥ እንዳይቀር የምንቆጥረው ነው። በማስክና በፌስ ሺልድ ውስጥ ድምፅ ይታፈናል። አንድ ቀን “ስድስት ጎዝ” አልኩ፤ ውስጥ ያለችው መዝጋቢ ነርስ “ሰባት” ብላ ጻፈች። ሆድ ሊዘጋ ሲል አንዱ ጠፋ ተባለ። ዶክተሩ እጁን መልሶ ሆድ ውስጥ ይፈልጋል፣ እኔ ባልዲ ውስጥ አንድ በአንድ እለያለሁ፣ ላቡ መነጽሬ ውስጥ ይንጠባጠባል። ያልነበረ ጎዝ ነበር የምንፈልገው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን በጣቴም አሳያለሁ፣ የጻፈችውም ጮክ ብላ ትመልስልኛለች፣ ሁላችንም በምናየው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ጥገና ደህንነት ማረጋገጫ ወረቀትም እንዲሁ ይነበብ፤ በጭንቅላት ንቅናቄ አይታለፍ።

እንደ ድሬ ባለ ሙቀት አደገኛው ሰዓት የማውለቂያው ነው። ሰው ታፍኖ ስለቆየ መጀመሪያ ማስኩን መንጭቆ መጣል ያምረዋል። እባካችሁ! ጓንትና ጋውን፣ ከዚያ እጅ መታጠብ። መነጽር በማሰሪያው በኩል፣ እንደገና እጅ። ማስክ ከክፍሉ ከወጣችሁ በኋላ፣ በመጨረሻ፣ አሁንም እጅ። ጓደኛችሁ ፊት ለፊት ቆማ ተራውን ትንገራችሁ። ከመግባታችሁ በፊት ውሃ ጠጡ፤ ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ተራ አይጠብቅም።

በረኪናውንም ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፤ ሙቀት ያደክመዋል። ደም ለፈሰሰበት፣ 5 በመቶ የሆነውን አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ፣ በየቀኑ አዲስ።

በሽተኛዋን ደግሞ አስቡ። ዓይን ብቻ የሚታይ ሰው ይከባታል፤ አማርኛም ላትሰማ ትችላለች። ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሚችል ሰው ቀድማችሁ መድቡ። እኔ ማስክ ከማድረጌ በፊት በመስታወቱ በኩል ፊቴን አሳያታለሁ። ከዚያ ስሜን በፕላስተር ላይ በትልቁ ጽፌ ደረቴ ላይ እለጥፋለሁ። ማንበብ ባትችልም፣ ባለ ፕላስተሯ ማን እንደሆነች ታውቃለች።