ሐኪም ፊት «ደህና ነኝ» አትበሉ፦ እስራኤል ውስጥ አውቶቡስ ላይ ዘመድ ሲጎዳባችሁ

ዐርብ ቀትር ላይ ነበር። እማዬና ከጎንደር ሊጠይቁን የመጡት አክስቴ፣ እቴቴ ነው የምንላቸው፣ ከረሆቮት ገበያ ዘንቢል ሞልተው አውቶቡስ ገቡ። እቴቴ ካርዳቸውን አስነክተው ገና መቀመጫ ሲፈልጉ ሹፌሩ ነዳው። ትንሽ ሄዶ ፍሬን ያዘ። እቴቴ በእጃቸው ተደግፈው ወደቁ። እማዬ ልትይዛቸው ስትል ወገቧን ብረት መታት። ሹፌሩ ዞሮ «ደህና ናችሁ?» አለ። «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ሁለቱም። የተበተነውን ሽንኩርት ለቅመው ወረዱ።

ማታ የእቴቴ አንጓ አብጦ አምባራቸው አልወጣ አለ። እንሂድ ብዬ ብለምን እማዬ «ሰንበት ገብቷል፣ እሑድ ይደርሳል» አለች። በቅቤ አሽተው በነጠላ ጫፍ አሰሩት። ሚዩን፣ ማለትም ድንገተኛ ክፍል፣ የደረስነው እሑድ ጠዋት ነው። አንጓው ተሰብሮ ነበር።

ያ ሁለት ቀን ብዙ አስለፋን። «በእርግጥ አውቶቡስ ላይ ነው የወደቁት? ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልመጡም?» የሚለው ጥያቄ በየሄድንበት ተከተለን። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው፦ በዚያው ቀን ሂዱ። በሰንበትም ቢሆን። ለነፍስና ለጤና ሲባል ሰንበት እንደሚሻር ቄሶቻችንም ረቢዎቹም ያውቁታል፤ እናቶቻችንን ግን ቁጭ ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል። አምቡላንስ 101 ነው፣ ፖሊስ 100።

ብዙ ሰው አውቶቡስ ውስጥ መውደቅን እንደ መኪና አደጋ አይቆጥረውም። እኔም አላውቅም ነበር። የ1975ቱ የመንገድ አደጋ ተጎጂዎች ካሳ ሕግ ግን ተሽከርካሪ ውስጥ መጓዝን ብቻ ሳይሆን መሳፈርንና መውረድንም ያካትታል። ሹፌሩ አጠፋ አላጠፋ የሚል ክርክር የለም። ተሳፋሪ የሚጠይቀው የተሳፈረበትን ተሽከርካሪ የግዴታ መድን ነው፤ ሌላ መኪና መጥቶ አውቶቡሱን ቢገጨውም እንኳ። ዜጋ መሆን አይጠይቅም። ለጥየቃ የመጣ ሰውም መብት አለው። እቴቴ «የሰው አገር ነው፣ ምን ብዬ ልጠይቅ» ሲሉ የነበረው ይህን ስላላወቁ ነው።

ማስረጃውን ከዚያው ሰዓት ጀምራችሁ ያዙ። የመስመሩን ቁጥር፣ የታርጋውን ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ የየትኛው ፌርማታ አካባቢ እንደነበር ጻፉ። ያየ ሰው ካለ ስልኩን ተቀበሉ። ራቭ-ካቩን፣ ማለትም የአውቶቡስ መሳፈሪያ ካርዱን፣ አትጣሉ! እኛን ያዳነን እሱ ነው። የእማዬ ካርድ ስሟ ያለበት ስለነበር በዚያ ዐርብ በዚያ መስመር መሳፈሯ ተመዝግቦ ተገኘ። የእቴቴ ስም የሌለው ካርድ ነበር። ካርዱን ራሱን በፖስታ አድርገን አስቀመጥነው፣ እናቴ ጋር አብረው መሳፈራቸው በሰዓቱ ታየ። ካሜራ ያለው አውቶቡስ ከሆነ ቅጂው እንዳይጠፋ ለአውቶቡስ ድርጅቱ ቶሎ በጽሑፍ አመልክቱ። ከዚያ የሚዩኑን ወረቀት ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱና አስመዝግቡ። የፖሊስ ማረጋገጫ ከሌለ መድኑ ጋር መነጋገር ከባድ ነው።

አሁን ወደ ሐኪሙ። እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚቆስለው። ሐኪሙ እማዬን «የት ያምሻል?» አላት። «ደህና ነኝ፣ እቴቴን እዩልኝ» አለች። እንግዳዋን ማስቀደሟ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን «ምንም ሕመም የላትም» ተብሎ ተጻፈ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጎንበስ ማለት ሲያቅታት ያ ወረቀት ተመልሶ መጣብን። ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ሕመም እንዳልታመሙት ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ውጭ ወንበር ላይ ተቀመጡና ከራስ እስከ እግር አንድ በአንድ ጠይቋቸው። ራሳቸውን ያዞራቸዋል? ሌሊት ይነሣሉ? ቀድሞ የሌለ ነው ወይስ የቆየ? የቆየም ከሆነ ደብቃችሁ አትለፉ፣ የባሰውን ለይታችሁ ተናገሩ።

ትርጉም ላይም ተጠንቀቁ። እናቶቻችን «ልቤን ያመኛል» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሆዳቸውን ነው። ታናሽ እህቴ ቃል በቃል ተርጉማው ሐኪሙ ቶሎ የልብ ምርመራ አዘዘ፣ የወገቡ ነገር ተረሳ። ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ያወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት በታካሚው ቋንቋ እንዲያገለግሉ ያዛል። በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ አገናኙን በሉ፣ አትፈሩ። ስትወጡ የመሰናበቻውን ወረቀት እዚያው አስነብቡ። አውቶቡስ ውስጥ መውደቃቸው፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፏል? ካልተጻፈ እንዲስተካከል ጠይቁ።

ክፍያው ለነዋሪና ለእንግዳ ይለያያል። ከ2010 ወዲህ የነዋሪውን ሕክምና የምትሸፍነው የራሱ ኩፓት ሆሊም፣ ማለትም የጤና መድን ድርጅቱ፣ ናት፤ የእማዬ ፊዚዮቴራፒ በዚያ በኩል አለቀ። እቴቴ ግን ኩፓ የላቸውም። ፓስፖርታቸው ታይቶ ሒሳቡ በስማቸው ወጣ። ወረቀቱን ሲያዩ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ኩፓ የሌለው ሰው የሕክምና ወጪ ወደ አውቶቡሱ መድን ነው የሚሄደው። ሕጉ መድኑ ከተጠየቀበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ የሕክምናውን ወጪ፣ ለኑሮ የሚያስፈልገውንም ጭምር፣ እንዲከፍል ያስገድዳል። የመጨረሻውን ካሳ መጠበቅ የለባችሁም። ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ፣ የታክሲውም፣ የመድኃኒቱም።

ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ከሥራ ሲመለስ የተጎዳ ሰው መንገዱ በቢቱዋህ ሌኡሚ፣ ማለትም በብሔራዊ መድን መሥሪያ ቤት፣ በኩል ያልፋል። የሥራ አደጋ ነው። በ12 ወር ውስጥ ማመልከት አለበት፤ እስከ 91 ቀን ድረስ የደመወዙን 75 በመቶ ያገኛል። ከአሠሪው ለሕክምና የሚሆነውን ፎርም ጠይቁ። ቢቱዋህ ሌኡሚ የሚወስነው የአካል ጉዳት መጠን በኋላ ፍርድ ቤቱንም ስለሚያስር የሕክምና ኮሚቴው ፊት ሳትዘጋጁ አትቅረቡ።

ከመድኑ ሰው ይደውላል። በጣም ጨዋ ነው። «ትንሽ ገንዘብ አሁኑኑ እንስጣችሁና እዚህ ፈርሙ» ይላል። ያ ፊርማ ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም ማለት ሊሆን ይችላል። ዕብራይስጡን የሚያነብላችሁ ሰው ሳይኖር አትፈርሙ። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ «ጥሩ ጠበቃ አለኝ» የሚልንም አትከተሉ። የጠበቃ ክፍያ በሕግ ጣሪያ አለው፦ ክስ ሳይከፈት በስምምነት ካለቀ 8 በመቶ፣ ክስ ተከፍቶ በስምምነት ካለቀ 11፣ በፍርድ ካለቀ 13፣ ከዚያ ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ። አንድ ሰው እማዬን 20 ጠይቋት ነበር፣ እሷም «እሺ ልጄ» ልትለው ነበር።

የስቃይ ካሳ በቀመር ነው የሚሰላው። የአካል ጉዳቱ በመቶኛና ሆስፒታል የተኙበት ቀን ይታያል፤ ዕድሜ ከ30 ካለፈ ለእያንዳንዱ ዓመት 1 በመቶ ይቀነሳል። የ68 ዓመት እናት ላይ ምን ያህል እንደሚቀነስ አስቡት። እኔን ያሳዝነኛል። ለዚህ ነው ለሽማግሌዎቻችን ሌላው የካሳ ክፍል፣ የቤት ውስጥ እርዳታ፣ በጣም የሚያስፈልገው። ቤተሰብ በነፃ የሠራውም ሊጠየቅ ይችላል። ደብተር ያዙ። የእኛ ደብተር እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ፣ እማዬ ሊጥ ማቡካት አልቻለችም፣ እኔ አቦካሁ። ረቡዕ፣ የእቴቴን ፀጉር ያጠብኩ እኔ፣ 40 ደቂቃ። ኀሙስ፣ ምጣዱን ያነሳው ወንድሜ።»

ክስ ለመክፈት ያለው ጊዜ 7 ዓመት ነው፤ ለሕፃን ደግሞ 18 ከሞላው ጀምሮ ይቆጠራል። ረጅም ይመስላል፣ ማስረጃ ግን ያን ያህል አይቆይም።

ዘመዳችሁ ወደ አገሩ የሚመለስ ከሆነ ከመሳፈሩ በፊት ለጠበቃው ውክልና ይፈርም፣ የራጅና የሕክምና ወረቀቱን ሁሉ ቅጂ ያውጣ። ገቢው ከዚያ ከሆነ ማስረጃውም ከዚያ ነው የሚመጣው። እቴቴ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው ይሸጣሉ፣ የንግድ ፈቃዳቸውን ፎቶ አስላክናቸው። የአካል ጉዳቱን የሚገምተውን ሐኪም ፍርድ ቤቱ ራሱ ስለሚሾመው ለምርመራ ተመልሰው ሊመጡ እንደሚችሉም ነግረናቸዋል። እስከዚያው ጎንደር በታከሙ ቁጥር ማህተም ያለበት ደረሰኝ ያስቆርጣሉ። የልጃቸው ልጅ ፎቶ አንሥቶ በቫይበር ይልክልኛል። ባለፈው ደረሰኙን ማህተም ሳይመታበት ስለላከው እኔም ደውዬ መልሼ ላክሁት።