ገጠር ላይ ብዙ ቻናል ያለው ቲቪ እንዴት እንደሚገባ (መብራት ባይኖርም)

ገጠር ላይ ዲሽ መትከልና ከተማ ላይ መትከል ስራው ያው ነው፣ ልዩነቱ የሚመጣው በኋላ ነው። ከተማ ላይ ሲበላሽ ሰሪው ይደወልለትና ይመጣል፣ ገጠር ላይ ግን እቃችሁን ጭናችሁ ከወጣችሁ በቃ ወጣችሁ፣ ለአንድ የላላ ብሎን ብላችሁ ያን ሁሉ መንገድ አትመለሱም። ስለዚ ከታች ያለው ነገር በሙሉ ሁለተኛ ጉዞ እንዳይኖር ነው። ብዙ ሰው ስለ ዲሹ ተጨንቆ ተጨንቆ ኬብሉና ባትሪው ጋ ሲደርስ "ይሁን" ይላል፣ ችግሩ ሁሌ ሚመጣው ግን ከዛ ነው።

መጀመሪያ ከየት እንደምታመጡት ወስኑ። የዲጂታል ቲቪ ማሰራጫ ማማ ቅርብ ከሆነና መሀል ላይ ሚጋርድ ነገር ከሌለ ተራ አንቴና ሰቅላችሁ ትገላገላላችሁ። ተራራ ከገባበት ግን አትልፉ፣ ሳተላይት ነው ሚያዋጣው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎሜትር ላይ ሆኖ ከመሬት ጋር እኩል ስለሚዞር ለኛ አንድ ቦታ የቆመ ነው ሚመስለው፣ ሸለቆ ውስጥ ያለ ሰውም በዛ አቅጣጫ ሰማዩ ከተከፈተለት ያገኘዋል። አንድ ዲሽ እንዴት ያን ሁሉ ቻናል ያመጣል ለምትሉ፣ ሪሲቨሩ ላይ 27500 እና 3/4 ተብሎ ምታዩት አንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻውን በሰከንድ ወደ 38 ሜጋቢት ይዞ ይመጣል፣ በድሮው የምስል መጭመቂያ (ኤምፔግ 2) አንድ ተራ ቻናል 3 ወይ 4 ሜጋቢት ይበቃዋል፣ ስለዚ 10 ያህል ቻናል አንዱ ላይ ይጫናል፣ ሳተላይቱ ደሞ እንደዚህ አይነት ፍሪኩዌንሲ ብዙ አለው።

ነገሩ አዲስም አይደለም እኮ። ህንድ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1976 ኤቲኤስ 6 በምትባል ሳተላይት ወደ 2,400 ለሚሆኑ መንደሮች ቀጥታ ቲቪ ስታስገባ የመንደሩ ዲሽ 3 ሜትር ስፋት ያለው ከዶሮ አጥር ሽቦ የተሰራ ነገር ነበር። አሁን ኬዩ ባንድ ለሚባለው የሳተላይት ሞገድ 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ብዙ ቦታ ይበቃል። ሳተላይቱ በደንብ ሚሸፍነው አካባቢ ከሆናችሁ 60ም ይሰራል፣ ዳር ላይ ከሆናችሁ 120 ፈልጉ። ዝናብ ሚበዛበት ቦታ ከሆነ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ ግዙ፣ ቆጥባችሁ ትንሽ ዲሽ ብትገዙ ደመና በመጣ ቁጥር ስክሪኑ ይሰባበርባችኋል።

ቦታ መረጣ ላይ ስልካችሁ ላይ ሳተላይት ሚያሳይ አፕ አውርዱ (ገጠር ከመሄዳችሁ በፊት፣ እዛ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል)። ሳተላይቶቹ ምድር ወገብ ላይ ከምስራቅ እስከ ምዕራብ ስለተደረደሩ ከምድር ወገብ ርቃችሁ በሰሜን በኩል ያላችሁ ወደ ደቡብ፣ በደቡብ በኩል ያላችሁ ደሞ ወደ ሰሜን ነው ምታዩት፣ ቅርብ የሆናችሁ ደሞ እንደ ሳተላይቱ ቦታ ወደ ምስራቅ፣ ወደ ምዕራብ ወይ ወደ ላይ ነው ምታዩት። ኮምፓስ ስትጠቀሙ ከዲሹ ማቆሚያ ብረት ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ብረት አጠገብ ኮምፓስ ይዋሻል። ዛፍ ካለ ደሞ የዛሬውን ቁመት ሳይሆን ከ5 አመት በኋላ ሚኖረውን አስቡ።

ቋሚ ብረቱ ቀጥ ማለት አለበት፣ ቱምቢ ወይ ውሃ ልክ ይዛችሁ በሁለት በኩል ለኩት። ብረቱ ካዘመመ ወደ ጎን ባዞራችሁት ቁጥር ቁመቱም አብሮ ይበላሻል፣ ከዛ ግማሽ ቀን ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ኮንክሪት ውስጥ ሚገባው ጫፍ ላይ አንድ ቁራጭ ብረት በአግድም አስበይዱበት፣ አለበለዚያ ንፋስ ቀስ በቀስ ያዞረዋል። እና አጥር፣ አጥር እባካችሁ! እኔ መጀመሪያ አካባቢ የተከልኩት አንዱ ኳሊቲው አሪፍ ነበር፣ ሳምንት ሳይሞላው "ሁሉም ጠፋ" ተብሎ ተደወለ፣ ቀኑን ሙሉ ተጉዤ ስደርስ ብረቱ ላይ የላም ፀጉር ተለጣጥፎበታል። ስትታከክበት ከርማለች፣ ዲሹም ዞሮ ሌላ ሰማይ ያያል።

አሁን ሲግናል ፍለጋ። ቲቪውንና ሪሲቨሩን ከተቻለ ዲሹ ስር አውጡት፣ አንዱ ቤት ውስጥ ሆኖ "መጣ! ሄደ! ኧረ ተመለስ!" እያለ ሚጮህበትን ድራማ ተዉት። ሪሲቨሩ ላይ ኤልኤንቢውን (ዲሹ ፊት ላይ ሚታሰረውን ሲግናል ተቀባይ) ዩኒቨርሳል 9750/10600 አድርጉ፣ ጠንካራ ሚባል አንድ ፍሪኩዌንሲ አስገቡ፣ ቪ ይሁን ኤች (የሞገዱ አቋም፣ ቁም ወይ አግድም) እና ሲምቦል ሬቱን (27500 አይነቱን ቁጥር) አትሳሳቱ። ማየት ያለባችሁ ኳሊቲ ሚለውን ነው፣ ኢንቴንሲቲ ወይ ስትሬንግዝ ሚለው ኤልኤንቢው መብራት እንዳገኘ ወደየትም ቢዞር ከፍ ሊል ይችላል፣ እሱ ብዙ ሰው አሞኝቷል። ሌላው ሚያሞኘው የዲሹ ቅርፅ ነው፣ አብዛኛው ኤልኤንቢው ከታች ወጣ ብሎ ሚታሰርበት አይነት ስለሆነ 20 ምናምን ዲግሪ ከፍ ብሎ ነው ሚያየው፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ወይ ወደ መሬት ያጎነበሰ ሲመስላችሁ እንኳን ሰማይ እያየ ነው፣ ጀርባው ላይ የተፃፈውን ዲግሪ እመኑ።

90 ሳንቲ ዲሽ ሚያየው ክፍተት 2 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ጠርዙ 3 ሳንቲ ከተንቀሳቀሰ አለፋችሁት ማለት ነው። ስለዚ በግማሽ ጣት ስፋት አዙሩ፣ አቁሙ፣ 3 ሰከንድ ጠብቁ፣ ሪሲቨሩ ሲግናሉን እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል። ኳሊቲ ሲመጣ ወዲያው አታጥብቁት፣ ወደ ግራ እስኪጠፋ ውሰዱትና ብረቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ወደ ቀኝም እንደዛው፣ ከዛ መሀሉ ላይ መልሱት። ከፍታውንም እንዲሁ። ከዛ ኤልኤንቢውን ራሱን ትንሽ ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያደረጋችሁ ኳሊቲው ከፍ ሚልበት ላይ አቁሙት። ብሎኖቹን አንዱን ጨርሳችሁ አታጥብቁ፣ እያፈራረቃችሁ ነው፣ ሲጠብቅ ራሱ ዲሹን ይስባል።

ኬብል ጋ ደረስን። አርጂ 6 ሚባለውን፣ መሀሉ ሙሉ መዳብ የሆነውን ግዙ። ርካሹ ብረት ላይ መዳብ የተቀባ ነው፣ አጭር መንገድ ላይ ምንም አይልም፣ ኬብሉ ሲረዝም ግን ጉዱ ይወጣል። ሪሲቨሩ በኬብሉ ወይ 13 ወይ 18 ቮልት ይልካል፣ በ13 ኤልኤንቢው የቪ ቻናሎችን፣ በ18 የኤቾቹን ያነሳል። ኬብሉ ደካማ ከሆነ 18ቱ መንገድ ላይ ይወርድና ኤልኤንቢው 13 ይመስለዋል። ስለዚ ግማሹ ቻናል እየሰራ የኤች ቻናሎች በሙሉ ከጠፉ ዲሹን እንዳትነኩት፣ ኬብሉንና ኮኔክተሩን ነው ማየት።

ኮኔክተር ስትሰሩ የላይኛውን ላስቲክ ላጡ፣ የተሸመነውን ሽቦ ወደ ኋላ እጠፉት፣ ከዛ ነጩን ላጡና የመሀሉን መዳብ ትንሽ ወጣ አድርጋችሁ ኮኔክተሩን ጥምዝዝ አድርጋችሁ አስገቡ። ከተሸመነው ሽቦ አንዲት ፀጉር የምታክል እንኳን መሀሉን ከነካች ሾርት ነው፣ ስለዚ በብርሃን አዙራችሁ እዩት። ውጭ ያለውን ኮኔክተር ውሃ ማያስገባ ላስቲክ ጠቅልሉበት፣ ናስትሮ ብቻውን ፀሐይ ሲመታው ይላላል። ኬብሉ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለበት ይስራ፣ ውሃው ከዛ ጫፍ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎ አይገባም። ብረቱን በወፍራም ሽቦ መሬት ከተቀበረ ዘንግ ጋር እሰሩት፣ መብረቅ ሊመጣ ሲል ደሞ ሳይጀምር ቀድሞ ኬብሉን ከሪሲቨሩ መንቀል ነው።

መብራት ከሌለ በሂሳብ ሂዱ። ባለ 12 ቮልት ትንሽ ኤልኢዲ ቲቪ 25 ዋት፣ ሪሲቨር 10 ዋት ብንል 35፣ በቀን 5 ሰዓት ካያችሁ 175 ዋት ሰዓት። ለ12 ሲካፈል 15 አምፒር ሰዓት አካባቢ ነው፣ ለሁለት ደመናማ ቀን 30፣ የሊድ አሲድ ባትሪ ደሞ ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሰራበት ቶሎ ስለሚሞት 60 አምፒር ሰዓት ግዙ። የሶላር ፓኔሉ 80 ወይ 100 ዋት፣ ቻርጅ ኮንትሮለር (ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላ ሚቆጣጠረው) የግድ። ቲቪውም ሪሲቨሩም በ12 ቮልት ሚሰሩ ከሆኑ ኢንቨርተር (የባትሪውን ወደ ቤት መብራት ሚቀይረውን) አታስገቡ፣ ቲቪው ጠፍቶ እንኳን እሱ ባትሪ ይበላል። ማታ ሁሉም ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ይመጣል፣ እሱንም ሂሳብ ውስጥ አስገቡት።

ለብዙ ቤት ማካፈል ከፈለጋችሁ ኳትሮ ኤልኤንቢ (አራት መውጫ ያለው) ከመልቲስዊች (ሲግናሉን ለየቤቱ ከሚያከፋፍል ሳጥን) ጋር ነው፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሪሲቨር ይኖረውና የፈለገውን ያያል። ኬብሉ ከ50 ሜትር በላይ ሲሆን ማጉያ ሊያስፈልግ ይችላል፣ ቤቶቹ ከተራራቁ ለየብቻ መትከሉ ይሻላል። የሚከፈልበትን ካርድ ለመንደር ማከፋፈል ግን ውሉ አይፈቅድም፣ ነፃውንም ቢሆን መልሶ ማሰራጨት ፈቃድ ሊጠይቅ ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከመውጣታችሁ በፊት ከመንደሩ አንድ ረጋ ያለ ሰው ምረጡና ኮኔክተር አንድ ጊዜ በራሱ እጅ ይስራ፣ እናንተ እጃችሁን አጣምራችሁ እዩ። ፍሪኩዌንሲውን ወረቀት ላይ ፅፋችሁ ሪሲቨሩ ጀርባ ለጥፉ፣ ትርፍ ኮኔክተር ተዉለት። በከባድ ዝናብ ከጠፋ እስኪያባራ እንዲቆይ ንገሩት። በማርችና በሴፕቴምበር አካባቢ ለጥቂት ቀን በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ቢጠፋም ፀሐይ ከሳተላይቱ ኋላ እያለፈች ነውና ምንም እንዳይነካ። መጨረሻ ላይ ከዲሹ ማሰሪያ እስከ ቋሚው ብረት አንድ መስመር በቀለም አስምሩ። አንድ ቀን ሁሉም ቻናል ከጠፋ መጀመሪያ እሷን ያያል፣ መስመሯ ከተቆረጠች ዲሹ ዞሯል፣ ብሎኑን አላልቶ መስመሯን ያገጣጥምና መልሶ ያጠብቃል።