የእጅ ጭብጥ መለኪያው ቁጥር አልታመን ሲል

የጤነኛ ሰውን አጠቃላይ የጡንቻ ጉልበት ለመገመት ጡንቻዎቹን አንድ በአንድ መፈተሽ የለብንም። ብዙ ጊዜ በእጅ የሚጨበጥ ዳይናሞሜትር፣ ማለትም የእጅን የመጨበጥ ጉልበት የሚለካ መሣሪያ፣ ይበቃል። ግን ቀላል ስለሚመስል ሁሉም እንደፈቀደው ይጨብጠዋል።

"ትናንት 45 ኪሎ፣ ዛሬ 38"
ጉልበት በአንድ ሌሊት እንዲህ አይከዳም። የተለወጠው አቀማመጡ ይሆናል፤ ትናንት ቆሞ፣ ዛሬ ተቀምጦ። አንዱን ዘዴ ይዛችሁ ሙጭጭ በሉ። የተለመደው ይሄ ነው፦ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ክንድ ከጎን ተጠግቶ፣ ክርን 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ አውራ ጣት ወደ ላይ። ትንፋሽ አይታፈንም። አንድ ቀን "በርታ! በርታ!" ብላችሁ ሌላ ቀን ዝም ካላችሁም ቁጥሩ ይለያያል።

ፈርጣማ ነው፣ ቁጥሩ ግን ትንሽ
እጀታውን እዩ። ጃማር የሚባለው መለኪያ 5 የእጀታ ደረጃ አለው፤ ለአብዛኛው ሰው 2ኛው ይስማማል። ከሰፋ ጣት በደንብ አይጠቀለልም። ቀለበትም ይውለቅ፣ ያማል።

ቁጥሩ ከልክ በላይ
አንድ ወዳጄ 90 አወጣ ብለን አጨበጨብንለት። ለካ ፓውንድ ነው! በኪሎ 41 ገደማ። ባለመርፌው ላይ ሁለቱም ስለሚጻፉ ልብ በሉ። መርፌውም ከፍተኛው ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ወደ ዜሮ ካልመለሳችሁት የምታነቡት የቀደመውን ሰው ቁጥር ሊሆን ይችላል።

በየሙከራው እየወረደ
ድካም ነው። 3 ጊዜ ይጨበጥ፣ በመሃል 1 ደቂቃ ይረፍ።

"28 አወጣሁ፣ ከ27 በላይ ስለሆነ ደህና ነኝ"
ይሄን ከ30 ዓመት ወንድ ስሰማ እገረማለሁ። በ2019 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ ለወንድ 27፣ ለሴት 16 ኪሎ ያስቀመጠው በዕድሜ ምክንያት የሚመጣውን የጡንቻ መድከም ለመለየት ነው። ከዚያ በታች መሆን ያሰጋል፤ በላይ መሆን ግን ጠንካራ አያሰኝም። በብሪታንያ መረጃ በ30ዎቹ ያሉ ወንዶች መካከለኛ ቁጥር 51 ገደማ፣ የሴቶቹ 31 ገደማ ነው። ራሳችሁን ከእኩያችሁ ጋር አስተያዩ።

ጭብጡ ደህና፣ ደረጃ ሲወጣ ግን እግሩ ይዝላል
እዚህ ላይ መለኪያው አልተሳሳተም። እጅ ስለ እግር ሁሉን አይናገርም። ወንበር አምጡ፣ እጅ ደረት ላይ ተጣምሮ 5 ጊዜ ተነሥቶ ይቀመጥ፣ ሰዓት ያዙ። ያው መመሪያ ከ15 ሰከንድ በላይን ደካማ ይለዋል፤ ለወጣት ግን 15 ራሱ ብዙ ነው። ወንበሩን ግድግዳ አስደግፉት፣ ይንሸራተታል።